ለክፍልሽ የላክሽው ገንዘብ የገባበት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስትውዪ የሚያብጠው እግርሽ ጋብ አለልሽ ወይስ አሁንም ከሥራ ስትገቢ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ? ባለቤትሽንስ ያ ደረቅ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቋ በቁመት በልጣኛለች ያልሽኝን ማመን አቅቶኛል፤ በእኔ ዓይን እስካሁን የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በፎቶው ላይ የምትስቀው ሕፃን ናት። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ብርድ ሲመጣ ጉልበቷ ይነዘንዛታል እንጂ አንደበቷ እንደ ድሮው ነው፣ ማንንም አታስቀምጥም። ባለቤቴና ልጄም ጤና ናቸው። የአንቺ ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም።

በስልክ ሦስት ጊዜ የክፍልሽን ፎቶ ጠየቅሽኝ። ሦስቱንም ጊዜ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል አልኩሽ። እትዬ፣ ካሜራው አልተበላሸም። እውነቱን ልነግርሽ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል መሰለሽ። ድምፅሽን ስሰማ ወኔዬ ይከዳኛል፤ አንቺም ስትደውዪ ወይ ወደ ሥራ እየሮጥሽ ነው ወይ ከሥራ ደክሞሽ ገብተሽ ነው። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ።

ነገሩን ከመነሻው ላንሳው። አምና እማዬ ከመኝታ ቤቷ ወደ ጓሮ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ ሲሰበር፣ ተማክረን ቤቱን እናድሰው አልን። መጸዳጃ ቤቱ ከጓሮ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ወለሉ ያለ ደረጃ እኩል ይሁን፣ የዛገው ቆርቆሮ ይቀየር ተባባልን። አንቺ ደግሞ ከጎኑ አንዲት ክፍል ትጨመርልኝ አልሽ። «ስመጣ እንደ እንግዳ ሳሎን መተኛት አልፈልግም፣ በሯን የምዘጋት የራሴ ክፍል ትኑረኝ» ነበር ያልሽኝ። ገንዘቡንም ለሁለት ከፍለሽ ነው የላክሽው። የቤቱን አንተ ካጠራቀምከው ጋር ቀላቅለው፣ የክፍሌን ግን ለብቻው አስቀምጠው፣ እንዳትነካብኝ አልሽ። እኔም የተለየ የባንክ ደብተር ከፍቼ አስቀመጥኩት። እንዳትነካብኝ ስትዪ ድምፅሽ ውስጥ የነበረው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለ ካሬ ደብተሬን ዘርግቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው አይደለሁ? ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን፣ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ቀለሙን፣ የእጅ ዋጋውን በየመስመሩ ደርድሬ፣ ደምሬ፣ መልሼ ደምሬ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ባለቤቴ ሻይ ልታቀብለኝ መጥታ በትከሻዬ ላይ አየችና፣ ፍርስራሹን የሚያነሳው መኪናስ አለችኝ። እሱ ደግሞ ምን ትልቅ ነገር ነው ብዬ አሳለፍኳት።

አናጢውን አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ሰፈራችን የገባው። ሰው ሁሉ ሚሊሜትር ነው የሚለው። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ሳይለካ መጋዝ አያነሳም፤ ሚስቱንም ለክቶ ነው ያገባት እያሉ ይቀልዱበታል። ወረቀቴን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበና፣ «መምህር፣ ይኼ ሁሉ የሚታየው ነው። የማይታየው የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» አለኝ። የማይታይ ደግሞ ምንድን ነው አልኩት። ከጠቅላላው ከአምስት እጅ አንዱን ምንም ስም ሳትሰጠው ለብቻው አስቀምጥ፣ ካልተነካ ለልጅህ ልብስ ትገዛበታለህ አለኝ። እኔ ግን በልቤ፣ አሃ፣ ሰውዬው ገና ከአሁኑ ሊበላኝ አሰበ አልኩ። ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ፣ የጎደለ የለም ብዬ ኮራ ብዬ መለስኩለት። እሱም አልተከራከረኝም። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ «ቤቱ አርባ ዓመት አልፎታል። አርባ ዓመት ሙሉ ከውስጥ ምን ሲሆን እንደኖረ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ» ብሎኝ ሄደ።

እማዬን ለሦስት ሳምንት ብቻ ብለን ወደ እኛ ኪራይ ቤት አመጣናት። ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ተጋሩ። ይዛ የመጣችው ትራሷን፣ ትንሿን ሬዲዮዋንና የቤቱን ቁልፍ ነው። በሩ ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ እያለ ቁልፉ ከቀሚሷ ኪስ አይወጣም። ምን ሊሠራልሽ ነው ብላት፣ አንተ ቤቱን ፍታ፣ እኔ ቁልፉን ልያዝ አለችኝ።

ወለሉ በተቆፈረ በሁለተኛው ቀን ሚሊሜትር አስጠራኝ። ከወጥ ቤቱ ሥር የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ስንት ዓመት ሲያንጠባጥብ እንደኖረ አይታወቅም፤ የግድግዳው እግር እጅ ሲነካው እንደ ረጠበ ብስኩት ይፈረፈራል። እማዬ በየዓመቱ ኖራ እየቀባች የምትሸፍነው፣ በየዓመቱም ተመልሶ የሚወጣው ሻጋታ ትዝ ይልሻል? መነሻው እሱ ኖሯል። እሱ ሳያልቅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጣና ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ጎትቶ አሳየኝ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ የጥንት ሽቦ ነው። እኔን የሚገርመኝ እስካሁን አለመቃጠላችሁ ነው አለኝ። ፍርስራሹም ባለቤቴ እንዳለችው ሆነ፤ አፈር በራሱ እግር ተነስቶ አይሄድማ! መኪናው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። መጸዳጃ ቤት ወደ ውስጥ ለማስገባት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልኩ፤ ለወረቀቱ ከፈልኩ፣ ወረቀቱን ለማግኘት ስመላለስ ለቀረሁባቸው ቀናት ደግሞ ከደመወዜ ተቆረጠ። ይኼንን በየትኛው መስመር ላይ እጽፈው ነበር? ሦስቱ ሳምንት ስድስት ሆነ። ባልደረቦቼ እስቲ መቶኛን እንደገና አስረዳን እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ።

ይኼ ሁሉ ግን እዳው ገብስ ነው። ጉዱ የመጣው ከላይ ነው።

የእኔና ያንቺ መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ የነበረውን ቡናማ የውሃ እድፍ መቼም አትረሺውም። አንቺ በጀርባሽ ተኝተሽ እያየሽው፣ ጢሙን ያንጨፈረረ ሽማግሌ ነው ትዪኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ጢሙ ይረዝማል፣ በጋ ሲሆን ይላጫል ብለሽ አሳምነሽኝ፣ እኔ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው የሽማግሌውን ጢም ነበር። ያ ኮርኒስ ሲወርድ ልቤ ቅር አለው። እድፍ ነው፣ ምን ይደረግለታል? ግን ሠራተኞቹ እየሰበሩ ወደ ውጭ ሲወረውሩት ዓይኔን አዞርኩ።

ሚሊሜትር ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «መምህር፣ እስቲ ወጣ በልና እይልኝ፣ ይኼ የቤት እንጨት አይደለም» ብሎ ጠራኝ። ወጣሁ። ጣሪያውን የሚሸከመውን ዋናውን እንጨት መሀሉ ላይ ምስጥ በልቶት ዱቄት አድርጎታል፤ ጣቴን ስሰድበት ገባ። ሆኖም ጣሪያው አልወደቀም። ግራና ቀኙን ሁለት ወፍራም ሳንቃዎች በረጃጅም ብሎን ታስረው ደግፈውታል። ሳንቃዎቹ ቫርኒሽ የተቀቡ ናቸው፤ አንደኛው ጫፉ ላይ እንደ ቅጠል የተጠቀለለ ቅርጽ ተፈልፍሎበታል። ያንን ቅጠል አውቀዋለሁ። አንቺም ታውቂዋለሽ። ጣታችንን በጠመዝማዛው ላይ እያስኬድን ማን ቀድሞ መሀሉ ይደርሳል እያልን የምንወራረድበት የእማዬና የአባዬ አልጋ ነው።

አንቺ አሥራ ሁለት፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አልጋው የለም። አባዬ፣ ሸጥኩት፣ ወገቤን ስላመመኝ ሐኪሙ መሬት ላይ ተኛ ብሎኛል አለን። እኛማ ፍራሹ መሬት ላይ ተነጥፎ ስናየው ደስታችንን አልቻልነውም! ከዚያ ወዲያ አባዬ ጋ ለመድረስ መውጣት የለ፣ መውረድ የለ፣ መንከባለል ብቻ ሆነ። አንቺ በቀኙ፣ እኔ በግራው ተኝተን ያወራን የነበረውን ወሬ ሁሉ ሳስታውስ፣ የልጅነታችን ምርጡ ጊዜ ያ አልጋ የጠፋበት ጊዜ ይመስለኛል። ጠዋት ግን አባዬ ሲነሳ ግድግዳውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ በየመሀሉ እያረፈ ነበር የሚነሳው። ሐኪሙ ሞኝ ነው ማለቴ ትዝ ይለኛል፤ መሬት መተኛቱ ወገቡን ምንም አላሻለውማ። አንቺ ነሽ ዝም በል ያልሽኝ።

ከመሰላሉ ወርጄ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ሚሊሜትር ወደ ላይ አየና፣ «የሠራው ሰው አናጢ አይደለም፤ ግን ብሎኖቹን አንድ በአንድ ለክቷቸዋል» አለ። ከሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

ቤት ስገባ እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። የአልጋውን እንጨት አገኘሁት አልኳት። እጇ እንኳን አላቆመም። «ታዲያ በእናንተ ላይ ይውደቅ?» አለችኝ። አባዬ እንጨት ሊገዛ ሄዶ ነበር አለችኝ፤ የሁለታችንን የትምህርት ቤት ክፍያ በከፈለበት ሳምንት ስለነበር ዋጋውን ሰምቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በማግስቱ እኛ ትምህርት ቤት ስንሄድ አልጋውን ግቢ አወጡት። እሱ ሲመግዝ ሳንቃው እንዳይነቃነቅበት እሷ ላዩ ላይ ተቀመጠችለት። «መጋዙ ወደ እኔ በመጣ ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ አትሳቂ፣ መስመሩ ይጣመምብኛል ይለኛል» አለችና እንደ ልጃገረድ ሳቀች። ከዚያ ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ለምን አልነገራችሁንም ብላት፣ ልጆቹ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ እንዳያድሩ ብሎ አስምሎኝ ነው አለችኝ። ሞቶም እንኳ መሐላውን ጠብቃለት ኖራለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በዚያን ሰሞን የቤቱ ገንዘብ ተሟጦ አልቋል። ጣሪያው ግማሹ ክፍት ነው፣ ሰማዩ ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ነው። ሚሊሜትር፣ ሳንቃዎቹ አባትህን አላሳፈሩም፣ አዲሱን ቆርቆሮ ግን ልጭንባቸው አልችልም፣ ዋናው እንጨት መቀየር አለበት አለኝ። ላስቆመው አልኩ፤ ዝናቡ ከገባ አዲሱ ወለል፣ አዲሱ ሽቦ፣ ሁሉም ይበላሻል። ልደውልልሽ አልኩ፤ በዚያው ሳምንት የሥራ ጓደኛሽ ታማ የሷንም ፈረቃ ደርበሽ እየሠራሽ እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር፣ ድምፅሽም ተዘግቶ ነበር። ብነግርሽ ሦስተኛ ፈረቃ ትጨምሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ባንክ ሄጄ ተሰለፍኩና ተራዬ ሲደርስ ወጥቼ ሄድኩ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ግን ከክፍልሽ ገንዘብ ከሦስት እጅ ሁለቱን አወጣሁ።

እንዳትነካብኝ ያልሽውን ነካሁት። ይኸው ነው እትዬ፣ ሌላ ስም የለውም።

ለባለቤቴ የነገርኳት እንጨቱ ተገዝቶ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ነው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም። «ገንዘቧን ብትጠይቃት ትሰጥህ ነበር። አንተ የወሰድክባት ገንዘቧን ሳይሆን እሺ የምትልበትን አፏን ነው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አይጥመኝም። አንዳንዴ በአባዬ ልጽናና እሞክራለሁ፣ እሱም ተደብቆ አይደል ያደረገው እላለሁ። ግን አይሆንም። አባዬ የቆረጠው የገዛ አልጋውን ነው። እኔ የቆረጥኩት የሌላ ሰው ክፍል ነው።

ዝናቡ ጣሪያው በተዘጋ በአራተኛው ቀን መጣ። እኔና ሚሊሜትር ባዶው ቤት መሀል ቆመን ወደ ላይ አንጋጠን ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰማነው። አንዲት ጠብታ አልገባችም። እሱ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ኪሱ ከተተው፤ ይኸ ለእሱ ጭብጨባ ነው።

እማዬ የተመለሰችው በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው። በሩ ተገጥሞ ስለነበር በቁልፏ ራሷ ከፈተችው። ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ አንድ በአንድ እያበራች እያጠፋች ዞረች። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ ቧንቧ ስትከፍት ሰማን፣ ከዚያ ብቻዋን ስትስቅ ሰማን። ስትወጣ ፊቷ ሁሉ ውሃ ነው። «ስንት ዓመት ወደሱ ስሄድ ኖሬ፣ ዛሬ እሱ ወደ እኔ መጣ» አለች። የሚገርምሽ ግን ከመኝታ ቤቷ በወጣች ቁጥር ደረጃው በነበረበት ቦታ ላይ እግሯን ከፍ ታደርጋለች። ደረጃ የለም እኮ እማዬ ስንላት፣ አውቃለሁ፣ እግሬ ነው ያላወቀው ትላለች። እኔም እንደሷው ነኝ። እዚያ ስደርስ ጉልበቴ ሳላዘው ይታጠፋል። ቤቱ አምሯል፣ ደርቋል፣ በርቷል፤ ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ያ እርጥብ ግድግዳ፣ ያ ሲረግጡት የሚጮኸው ደረጃ፣ ያ ጢማም ሽማግሌ በዓይኔ ላይ ይሄዱብኛል። እዚያ ቤት ውስጥ አንቺ ነበርሽ፣ አባዬ ነበረ።

ክፍልሽ ያለችበትን ልንገርሽ። በቀረው አንድ እጅ ግድግዳዋ ቆሟል፣ ቆርቆሮዋ ተመትቷል። ወለል የላትም፣ አፈር ነው። ልስን፣ በርና መስኮት ይቀራታል። የመስኮቱ ቦታ ክፍት ነው፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ በሱ ትገባና እስከ ማዶው ግድግዳ ትደርሳለች። ፎቶዋን በዚህ ሳምንት እልክልሻለሁ፣ ሳላሳምር። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ተማሪዎች ማስጠናት ጀምሬያለሁ፤ የወሰድኩትን በእሱ እመልሳለሁ። ሒሳቡንም እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ ለማይታየው የሚል መስመር አለ፣ ሚሊሜትር ራሱ ነው እጄን ይዞ ያስጻፈኝ። ግን እስከዚያ ድረስ ያንቺን ቃል ሳልሰማ አንዲት ሚስማር አልመታም። አቁም ካልሽ አቆማለሁ፣ ቀጥል ካልሽ እቀጥላለሁ።

ሁለቱን ሳንቃዎች ሚሊሜትር ብሎናቸውን ፈትቶ በጥንቃቄ አውርዷቸዋል። ለክፍሏ የመስኮት ደፍ ይወጣቸዋል ይላል። እማዬ በበኩሏ፣ ይኼን ያህል ዓመት ሲሸከሙ የኖሩ እንጨቶች ናቸው፣ ተዉአቸው ይረፉ ትላለች። እኔ ሐሳብ አልሰጠሁም። በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ እማዬ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ምን እንደሚደረጉ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ይኼንን ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። ስላጠፋሁት ሁሉ እንደምጽፍልሽ ነግሬያታለሁ። ምን ልበልልሽ ስላት ትንሽ አሰበችና፣ ቃል በቃል ጻፍልኝ ያለችኝ ይኸ ነው፦ «ክፍልሽ ወለል የላትም፤ ግን አታፈስም በላት።»

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለሳሉ ማር በሞቀ ውሃ ይጠጣ ብላሃለች እማዬ በዪው። ትልቋን አጎትሽ ቁመትሽን አምኗል በያት፣ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ባለቤቴ እጅግ አድርጋ ትናፍቅሻለች፤ የፈለግሽውን ያህል ብትቆጪው ከጎንሽ ነኝ በላት ብላኛለች። ልጄ አክስቴ ስትመጣ ከኔ ጋ ትተኛ ትላለች። ሚሊሜትርም ሳያይሽ ሰላም ብሎሻል፤ የበሩን ስፋት ልለካ ነው፣ የአልጋዋን ስፋት ታሳውቀኝ ይላል። እማዬ ደግሞ ሁለቱንም ጉንጭሽን፣ ግንባርሽንም ጨምራ ትስማለች።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእናታችን ቤት፣ ከክፍልሽ ደጃፍ
መስከረም 21 ቀን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ